ያልተመረቀው ረቂቅ

ኢንተርኔት ቤቴ ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ነበር። ቤት ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። በጫማ መሸጫና በሻይ ቤት መካከል የተሸጎጠ፣ አንዱ ደንበኛ እንዲወጣ ሌላው ወንበሩን ስቦ መነሳት ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ገዥው ግንባር አገር በሚያስተዳድርበት፣ ስልክ ሁሉ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ መዋጥ በጀመረበት ሰሞን፣ ጠዋት በሩን ስከፍት የሚኒባስ ረዳቶች ቀድመውኝ ደርሰው አገኛቸዋለሁ። ወደ ዲላም ሆነ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ወላይታም ሆነ ወደ አለታ ወንዶ የሚሄድ መኪና ያለ ዘፈን ፍንክች አይልም። ዘፈኑ ደግሞ ከኢንተርኔት ወርዶ ፍላሽ ላይ መጫን አለበት። ጫኚዋ እኔ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ እሰደባለሁ፣ መስመሩ ሲንቀራፈፍ እሰደባለሁ፤ እኔም ዝም የምል ሰው ስላልሆንኩ መልሼ እሳደባለሁ። እንዲያም ሆኖ ደንበኞቼ ተመልሰው ይመጡ ነበር።

አባቴ ሥራዬን አይወዱትም። ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው ሐዋሳ የቀሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የሰፈራችንን እድር የሚመሩ ሰው ናቸው። በማስተማር ዘመናቸው ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ኩረጃን ነበር። ፈተና ላይ አንገቱን ያዞረ ተማሪ የጎረቤት ልጅ ይሁን የዳይሬክተሩ፣ ወረቀቱን ተነጥቆ ይወጣል። እኔንም አንድ ጊዜ አስወጥተውኛል፤ አንገቴን ያዞርኩት ዝንብ ላባርር ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ኮምፒውተር ተምሬ ስጨርስ መሥሪያ ቤት እንደምገባ እርግጠኛ ነበሩ። መናኸሪያ በር ላይ ዘፈን ስጭን ሲሰሙ ግን «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያሳደድኩትን ኩረጃ አንቺ ታፔላ ሰቅለሽ ከፈትሽው» አሉኝ። ክፉ ቃል አልጨመሩም፤ ሱቄን ግን ረግጠው አያውቁም ነበር። ይህ ይቆጨኝ ነበር።

እኔ ነገሩን እንደሳቸው አላየውም። ሌላ ዓይን የሰጠኝ አንድ የሲዳማ ዘፋኝ ነው። ጎልማሳ ሰው ነው፤ በቋንቋው በሲዳሙ አፎ ይዘፍናል፣ ሰርግ ያደምቃል። ዘፈኖቹን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በየአሳታሚው ደጅ ጠንቶ ነበር። አንዱ «ገበያ የለውም» አለው፣ ሌላው «በአማርኛ ገልብጠህ ና» አለው፣ አንዱማ ጭራሽ ሳይሰማው ሻይ ጋብዞ ሸኘው። ከአውቶቡስ እንደወረደ ዓይኑ ያረፈው የእኔ ታፔላ ላይ ነው። ገብቶ «ኢንተርኔት ላይ ሰው ዘፈን ያስቀምጣል አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ።

እውነት ነው አልኩት። ደንበኞቼን አስወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሰዎች ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር በሚነጋገሩበት ማይክ ዘፈኖቹን ቀዳሁለት። የአውቶቡስ ጥሩምባ መሃል መሃሉ ላይ እየገባ አስቸገረን፤ ቆይተን ተስፋ ቆርጠን አብሮ ተቀዳ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። ትንሽ ሰንበት ብሎ የማያውቀን ሰው ሁሉ ይጽፍልን ጀመር። ከባሕር ማዶ ሆነው የአገራቸውን ዘፈን ሰምተው ያለቀሱ ነበሩ። ረዳቶቹም ጥሩምባ ያለበትን ካልጫንሽልን ብለው ያስጨንቁኝ ያዙ። ሰውየው በየወረዳው ለሰርግ ይጠራ ጀመር፤ አዲስ ኮት ለብሶ ሊያሳየኝ የመጣበትን ቀን አልረሳውም።

እንግዲህ ረቂቁ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የምሥራቹን ያበሰረን የንግድ ቢሮ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነው። ይህ ልጅ የእኔ ደንበኛ ነበር፤ ስልኩን የሞላው ከእኔ ቤት በተጫነ ዘፈን ነው። ያን ዕለት ግን ፊቱን አኮሳትሮ ገባና፣ አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ የሙዚቃና የፊልም ነጋዴዎች ያዘጋጁት መመሪያ ሊጸድቅ እንደሆነ ነገረኝ። የነጋዴዎቹ ማኅበር ማኅተም ያላረፈበት ዘፈንም ሆነ ፊልም ኢንተርኔት ላይ መጫን ክልክል ነው። ማውረድም ክልክል ነው። ደንበኛ ተቀምጦ ለሚሠራው ጥፋት የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ይጠየቃል። ቤቱ ይታሸጋል፣ ኮምፒውተሮቹ ይወረሳሉ።

«ዘፋኙ ራሱ ጫኚልኝ ብሎ ቢለምነኝስ?» አልኩት።

«ዘፋኙ ማኅበሩ ጋ ሄዶ ያስፈቅዳ።»

«የራሱን ዘፈን?»

«እኔ ምን ላድርግሽ? ረቂቁ እንደዚያ ነው የሚለው» አለና ወጣ።

ደሜ ፈላ። አንድ ነገር ልናገር፦ ዘፋኝ በልፋቱ እንዲበላ የማይፈልግ ሰው የለም፤ እኔም እፈልጋለሁ። አዲስ ካሴት በወጣ ማግሥት እንዳለ ገልብጦ የሚቸበችብ ነጋዴ መኖሩንም አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ግን በዚያ አስታከው የማያውቁትን፣ ያልዘፈኑትን፣ በራቸው ላይ መጥቶ የመለሱትን ዘፈን ሁሉ የኛ ነው ሊሉ ነው። እኔም ከዚያች ክፍል ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ረቂቁ እንዳለ ከጸደቀ የኢንተርኔት ቤቴ አለቀለት ማለት ነው።

የከተማው ኢንተርኔት ቤት ባለቤቶች ጎኔ ያለው ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ለውይይት ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ተጠርተን ነበር። በዚያ ዘመን ውይይት ማለት ምን እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ረቂቁ ይነበባል፣ ሦስት ሦስት ሰው ሐሳብ ይሰጣል፣ ከመድረክ መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዱ ባልደረባዬ «እኛም አጨብጭበን እንምጣና በጓሮ እንሠራለን» አለ። ብዙዎቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጓሮ የሚሠራ ሌባ ነው፤ እኔ በፊት ለፊት በር ነው የምሠራው» ብዬ ጮህኩ፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ደንግጣ ወጣች። ቢያንስ ማንም እንዳያጨበጭብ ተስማማን።

ቤት ስገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። አባቴም ለዚያው ስብሰባ ተጠርተዋል፤ የአገር ሽማግሌ ሆነው ሊመርቁ። ሐዋሳ ውስጥ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይከፈትም፣ ያለ ምርቃትም አይዘጋም። ሰው ቆሞ መዳፉን ዘርግቶ አሜን ካላለ የተሰበሰበ አይመስለውም። አባቴ ድምፃቸውም ግርማቸውም ለዚህ የተሠራ ስለሆነ ለጎርፍ መከላከያም ለክትባትም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

«አባዬ፣ ሱቄን የሚያዘጋ ስብሰባ ነው እኮ የሚመርቁት» አልኳቸው።

«ሐሳብሽን ተናገሪ፤ ማን ከለከለሽ? ሕግ ግን አትሳደቢ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ የተጠራሁት ልመርቅ ነው። ከምርቃት ሌላ አፌን አልከፍትም። ደግሞም የሰው ሥራ የሰው ነው፤ አንድ ቀን ሕግ እንደሚመጣበት ነግሬሽ ነበር።»

እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ተከፍቼ ነበር፤ ከማንም ይልቅ በሳቸው።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፣ ውጭ ዛፉ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት መላጣ ግዙፍ ወፎች ተኮፍሰው ቆመዋል። ሰው እስኪሟላ ሙዚቃ ተከፍቷል። ከአዲስ አበባ የመጣው የአሳታሚዎቹ ተወካይ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ዘናጭ ሰው፣ መድረኩ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ምት እየመታ ያዳምጣል። ዘፈኑ መሃሉ ላይ ሲደርስ ረገብ አለና ከላዩ የሴት ድምፅ መጣ፦ «መናኸሪያ በር ፊት ለፊት ጎራ ይበሉ፤ ያማረ ዘፈን በጥራት እንጭናለን!»

የኔው ድምፅ ነበር። እኛ ጫኚዎች ከእጃችን የሚወጣ ዘፈን ላይ ሁሉ ማስታወቂያችንን እናስገባ ነበር፤ የየቤቱ ልማድ ነው። ሙዚቃውን የከፈተው ያ የንግድ ቢሮው ልጅ ነው፤ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ሲሰካ የማን ጭነት እንደሆነ ረስቶታል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ሽቦውን ሊነቅል ሲሮጥ ሌላ ነካና ድምፁ ይባስ ጨመረ፤ «በጥራት እንጭናለን!» እያልኩ ሐይቁ ድረስ ተሰማሁ። ተወካዩ ምቱን አቋረጠና ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳቄን ባፍንም ሆዴ አልታዘዝ አለኝ። አባቴን ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

ከዚያ አባቴ ተነስተው ከፈቱ። «ተነጋግራችሁ ተግባቡ፣ ተግባብታችሁ ተስማሙ፣ በተስማማችሁበት እግዜር ይርዳችሁ» ብለው መረቁ። አሜን አልን። ተወካዩ ረቂቁን አንብቦ ሲጨርስ ስለኛ ብዙ ተናገረ። ሌቦች አለን፣ የጥበብ ነቀዞች አለን፣ በሰው ላብ የምንከብር አለን። የእኔን ክብረት መናኸሪያ መጥቶ ባየው!

ተራ ሲደርሰኝ ተነስቼ ያሰብኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ደንበኛ ተቀምጦ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ከኋላው ቆሜ አንገቱን ላንቅ ነው ወይ አልኩ። የሆቴል እንግዳ በክፍሉ ጥፋት ቢያጠፋ ሆቴሉ ይወረሳል ወይ ስል የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ከበሩ ላይ «በፍጹም!» አለ፣ እንደገና ተሳቀ። ከእኔ ቀጥሎ ዘፋኙ ተነሳ። መጀመሪያ በሲዳሙ አፎ ተናገረ፤ አዳራሹ ግማሽ በግማሽ ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ ወደ አማርኛ ዞረ።

«እኔን ታውቀኛለህ?» አለው ተወካዩን። «አታውቀኝም። እናንተ ጋ መጥቼ ነበር፤ ገበያ የለህም ብላችሁ መለሳችሁኝ። ዘፈኔን ይህች ልጅ ዓለም ላይ አወጣችው፤ ፈቃድ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ያለናንተ ፈቃድ አይሆንም ትላለህ። ዘፈኑን ያወጣሁት ከሆዴ ነው፤ አንተ መቼ ገብተህ አየኸው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንዳናጨበጭብ የተስማማነው እኛ ቀድመን አጨበጨብን። ከዚያ በኋላ የተነሳ ሰው ሁሉ የተናገረው ረቂቁን በመቃወም ነው። የወጣት ማኅበሩ ተወካይ፣ ሲዲ አከራዩ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው፣ አንድ የሚኒባስ ባለቤት፤ አንድም ሰው ይጽደቅ አላለም። ከምሳ በኋላ ጭምር ያው ነው።

ተወካዩ ግን የሰማ አይመስልም። ማይኩን አስጠግቶ «ሐሳባችሁን በግብዓትነት ወስደነዋል» አለ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋን ልጅ ዞር ብሎ አያትና «ተሳታፊው ረቂቁን በሙሉ ድምፅ ደግፏል ብለሽ ያዥልን» አላት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ክው አለች። እኔ ለመነሳት ሞከርኩ፤ «ሰዓት ስለሄደ መድረኩ ተዘግቷል» ተባልኩ። ኮምፒውተሮቼ በመኪና ተጭነው ሲሄዱ ይታየኝ ጀመር።

«አባታችን በምርቃት ይዝጉልን» አለ ተወካዩ።

አባቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። እንደ ልማዳችን ሁላችንም ቆምን፣ መዳፋችንን ዘረጋን። እኔ መዳፌን የዘረጋሁት የአባቴን ምርቃት እምቢ ማለት ስላልቻልኩ ብቻ ነው። ቆምን። ጠበቅን።

«አልመርቅም» አሉ አባቴ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ተወካዩ ፈገግ ለማለት እየሞከረ «አባታችን፣ ልማድ እኮ ነው፤ ለሰላሙ ያህል ይመርቁንና እንበተን» አላቸው።

«ጠዋት ስመርቅ ተስማሙ ነው ያልኩት። አልተስማማችሁም። ያልተስማማን ጉባኤ ተስማማ ብዬ እግዜርን ላታልለው ነው?»

«በአጠቃላይ ሲታይ እኮ...»

«ስማኝ ልጄ» አሉት፤ ማይክ አልያዙም፣ አያስፈልጋቸውምም። «እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ኩረጃን አልወድም። የሰው ሥራ ወስዶ የራስ ማስመሰል ነውር ነው ብለህ ስትናገር ራሴን ስነቀንቅልህ ነበር፤ አይተኸኛል። እዚህ የተቀመጠው ሰው ግን ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ሲል ዋለ። አንተ እሺ ብሏል ብለህ አስጻፍክ። የዚህን ሁሉ ሰው ቃል ማን ፈቅዶልህ ወሰድክ? የተቀዳ ዘፈንስ ቢያንስ እንደ ተዘፈነው ነው የሚቀዳው!»

ተወካዩ ጨንቆት ከአባቴ ጎን ወደቆሙት የሲዳማ ሽማግሌ ዞሮ «እንግዲያው እርስዎ ይመርቁን» አላቸው። ሽማግሌው በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አሉና ቋንቋውን የሚሰማው ሁሉ በሳቅ ተንፈራፈረ። ቀጥለው በአማርኛ «ታላቄ ያልመረቀውን እኔ አልመርቅም» አሉት።

ጉባኤው ቆሞ ቀረ። ያልተመረቀ ስብሰባ አልተዘጋም፤ የሚወጣ የለም፣ የሚቀመጥም የለም። መዳፎች እንደተዘረጉ ናቸው። ያቺ ቃለ ጉባኤ ያዥ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ በቀጭን ድምፅ «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች። ተወካዩ ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ላቡን ጠረገ። በመጨረሻ «ተሳታፊው አልተስማማም ብለሽ ጻፊ» አላት።

ያን ጊዜ የተነሳው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እልልታ ነው፣ ፉጨት ነው፣ ዘፋኙ ወንበር ላይ ወጥቶ ያቀነቅናል፤ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ ደንግጠው ከዛፉ ተነሱ። በጓሮ እንሥራ ያለው ባልደረባዬ አቅፎኝ ይዘላል። አንጀቴ ራሰ። አባቴ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቀው «አሁን እመርቃለሁ» አሉና አጭር፣ ጥሩ ምርቃት መረቁን። አሜናችን ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር።

በባጃጅ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። «አባዬ፣ ለእኔ ብለው ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ለአንቺማ ብል ኖሮ ጠዋቱኑ አልከፍትላቸውም ነበር» አሉ። «አሁንም ኩረጃሽን አልወደውም። የምትጭኚውን ሰው ሁሉ እንደዚያ ዘፋኝ አስፈቅጂ።»

የቻልኩትን ያህል አስፈቀድኩ። የዲላው፣ የይርጋለሙ፣ የወላይታው ዘፋኝ ሁሉ በእግሩ እየመጣ ፈቅዶ ያስጭነኝ ጀመር፤ ጥሩምባው ግን አሁንም አብሮ ይገባል። ረቂቁ አዲስ አበባ ተመልሶ ብዙ ከረመ። ኋላ ተሻሽሎ ሲመጣ ኮምፒውተር ይወረሳል የሚለው ወጥቷል፣ ባለቤቱ ለደንበኛው ይጠየቃል የሚለው ወጥቷል፣ ባለ ዘፈኑ በራሱ ዘፈን ላይ ራሱ ይፈቅዳል ተብሎ ተጽፏል። ይህኛውንማ አባቴ በሙሉ ድምፃቸው መረቁት።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ሹማምንት ተጠንቃቂ ሆኑ። ስብሰባ ሊጠሩ ሲሉ አስቀድመው ሰው ቤታችን ይልካሉ፤ አባታችን ይመርቃሉ ወይስ አይመርቁም ብሎ የሚያጣራ። አባቴም ሳላነበው አልመርቅም ማለት ለመዱ። ዓይናቸው ስለደከመም በትልልቅ ፊደል ታትሞ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። የት ይታተም ሲባሉ መናኸሪያ በር፣ ልጄ ጋ ይላሉ።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ያ የንግድ ቢሮው ልጅ ፍላሹን ይዞ እየተቻኮለ ገባ። አዲስ የገበያ ደንብ ነው፣ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነው፣ አባቴ ሳያነቡት አይሆንም ብለዋል። ረዳቶቹ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው የዕለቱን ዘፈን እየጠበቁ ነበር። ፍላሹን ተቀበልኩትና ከኋላቸው ተራ እንዲይዝ ነገርኩት።